የማይረግጥ እግር

ሽመክት አረጋ የጭነት መኪና ሹፌርነት ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ የጣለው ቀኝ እግሩ ነው። እግሩ አልታመመም፤ አያነክስም። ችግሩ ሌላ ነበር።

ፈተናው የሚሰጠው ሞጆ፣ ከደረቅ ወደቡ ጀርባ ባለ ረጅም ነጭ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዲስ ሹፌሮች ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይሰለፋሉ። ጫማቸውን አውልቀው በየሳጥናቸው ያስቀምጣሉ። ክብደት፣ ዓይን፣ ደም ግፊት የሚባለው ቶሎ ያልቃል፤ በዚያ የሚወድቅ ሰው ጥቂት ነው። ዋናው የእርጋታ ፈተናው ነው። ተፈታኙ ጋቢና የሚመስል ሳጥን ውስጥ ይገባል። መሪ የለም፤ ማርሽ የለም፤ ከእግር ሥር ያለው ለስላሳ ምንጣፍ ብቻ ነው። ቁርጭምጭሚቱ፣ የእጁ አንጓና አንገቱ ላይ ቀጭን ማሰሪያ ይደረግለታል። ከዚያ ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ላይ መንገድ ይለቀቅበታል። ተፈታኙ ዓይኑን ከፍቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይረግጥ፣ ሳይሳቀቅ፣ መንገዱ እስኪያልቅ ማየት አለበት። እንቅልፍ የወሰደው ይወድቃል። የተንቀሳቀሰም ይወድቃል።

መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሕጉ ግን በየጋቢናው አንድ ሰው እንዲቀመጥ ያዛል። ለምን እንደሆነ በደንብ የሚያስታውስ አልነበረም።

ፈታኙ ይድነቃቸው የሚባል ወጣት ነው፤ ትሁትና ድምፁ ዝቅ ያለ። ሁለተኛው ፈተና ያለቀ ዕለት ሽመክትን ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሳበለት።

«አባባ፣ ጤናዎ የሚያስቀና ነው» አለው። «ልብዎ የጎረምሳ ልብ ነው። ዓይንዎም ደህና ነው። እግርዎ ግን…»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«ይነዳል።»

ሽመክት ሳቀ። ይድነቃቸው አልሳቀም።

«ኩርባ በመጣ ቁጥር ይነሳል። ዳገት ላይ ይጫናል። መንገዱ ላይ የቆመችውን ግመል ያዩ ጊዜማ ማሰሪያውን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው። መኪናው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማው ታዘዝኩ ብሎ ግራ ይገባዋል። እኛ የምንፈልገው ሰው ነው እንጂ ሹፌር አይደለም።»

«ማስታወቂያው ሹፌር ነው የሚለው እኮ።»

«ስሙ አልተቀየረም» አለ ይድነቃቸው። «አንድ ዕድል ይቀርዎታል። እስከዚያ እግርዎን ዝም ማለት ያስለምዱት።»

ሽመክት ስልሳ ዓመት አልፎታል። ጉልበት በነበረው ዘመን ከጅቡቲ ሞጆ ተሳቢ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ሹፌሮች ሁሉ በአንድ ክረምት ሲሰናበቱ እሱም ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ አዳማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ ብቻውን ይኖራል። ሥራውን የፈለገው ለእንጀራ አልነበረም። የፈለገው መንገዱን ነው። ከአዋሽ ወዲያ ያለው አውራ ጎዳና ለሰው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ግራ ቀኙ ታጥሯል። አውቶቡስ አያልፍበትም፤ የቤት መኪና አያልፍበትም። መንገደኛ በባቡር ወይም በአየር ነው የሚሄደው። ያንን መንገድ በዓይኑ ሊያይ የሚችለው ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ሽመክት ደግሞ መንገዱ ይናፍቀዋል። ገዋኔ ላይ ጎህ ሲቀድ የአያሉ ተራራ ከጨለማው ቀስ እያለ ሲወጣ ይናፍቀዋል። ሎግያ ቀትር ላይ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ፣ የጋለ ጎማ እየሸተተው የተኛው እንቅልፍ ይናፍቀዋል። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራቱን ብልጭ አድርጎ «ደህና ነህ ወይ» ሲለው፣ እሱም ብልጭ አድርጎ «ደህና ነኝ» ማለቱ ይናፍቀዋል። ስሙን የማያውቀው፣ ፊቱን በደንብ ያላየው፣ ግን በመብራቱ አመል የሚለየው ስንት ወዳጅ ነበረው!

እሱ ወጣት ሳለ ፈተናውም ሌላ ነበር። የተፈተነው አዳማ፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው። ባለመኪናው ወፍራም ሰው ነበሩ፤ በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ መጀመሪያ ትርፍ ጎማውን በግቢው ዙሪያ እንዲያንከባልል አዘዙት። ቀጥለው ዝገት የያዘ ብሎን እንዲፈታ ሰጡት፤ አልበገር ቢለው መፍቻው ላይ ቆሞ በሙሉ ክብደቱ ዘለለበት። ከዚያ ጭነት ላይ ወጥቶ ሸራ አለበሰ፣ ገመድ ወጠረ። በመጨረሻ አንድ ትሪ ፍርፍር አስቀርበው ሲበላ አዩት። «የማይበላ ሹፌር መንገድ ላይ ጥሎኝ ይተኛል» አሉ። ሽመክት መዳፉ ተልጦ፣ ሸሚዙ ግሪስ በግሪስ ሆኖ፣ ሆዱ ሞልቶ ተቀጠረ። ያን ቀን የነበረው ኩራት እስከ ዛሬ አልወጣለትም።

ሲፈንን ያገኛት ሦስተኛውን ፈተና ሲጠብቅ ነው። ሲፈን የሞጆ ልጅ ናት። ትምህርቷን ከጨረሰች ጀምሮ ሥራ ስትፈልግ ኖራለች፤ በዚያ ዘመን ለሰው የሚወጣ ሥራ እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነበር። በእርጋታ ከተፈታኞች ሁሉ አንደኛ እሷ ናት። ዝንብ ቅንድቧ ላይ ቢያርፍ አትነቃነቅም። መኪና ነድታ አታውቅም፤ መኪና የሚነዳ ሰው እንኳ አይታ አታውቅም።

አንድ ጠዋት አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ያ እግሩ የሚነዳው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«ተወራ እንዴ?»

«አዳራሹ ሁሉ ያውቃል።» ትንሽ አሰበች። «ላለማምድዎ?»

«አንቺ? እኔን?»

«እርስዎ መንዳት ነው የሚያውቁት። አለመንዳት ደግሞ እኔ አውቃለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ግራር ሥር መገናኘት ጀመሩ። ሲፈን ፊት ለፊቱ ትቆምና ብርቱካን ትወረውርበታለች። የሱ ሥራ አለመያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድም አላመለጠውም። እጁ ራሱ እየሄደ ይቀልባል።

«አይያዙ እንጂ!»

«ፊቴን ሊለኝ ነው እኮ!»

«ይበልዎ!»

አላፊ አግዳሚው አንድ ሽማግሌ በብርቱካን ሲደበደብ ቆሞ ያያል። ሲስቅ ሲፈንም ትስቃለች፤ ብርቱካኑን ትልጥና ለሁለት ተካፍለው ይበላሉ። አንድ ቀን ምስጢሩን ነገረችው።

«የሚመጣውን ነገር ወደ እርስዎ የሚመጣ አድርገው አይዩት። ወደ ሌላ ሰው ነው የሚመጣው። እርስዎ ተመልካች ነዎት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

ሽመክት ይህ ምክር አልጣመውም። ሆኖም እንዳለችው አደረገ፤ ብርቱካኑም ደረቱን መትቶ መሬት ወደቀ። አጨበጨበችለት።

ልምምዱ ሲያደክማቸው ደግሞ ተራው የሱ ይሆናል። ሲፈን ትጠይቀዋለች፤ እሱ ይነግራታል። ቁልቁለት ላይ ከባድ ጭነት በፍሬን ሳይሆን በማርሽ እንደሚያዝ፣ ፍሬን የመጨረሻ እንደሆነ፣ ቶሎ ከተረገጠ እንደሚግል፣ ከዘገየ እንደማያድን።

«ታዲያ መቼ ነው የሚረገጠው?»

«እግርሽ ይነግርሻል።»

«እግር እንዴት ይነግራል?»

«አምጪው ቀኙን። ከሥሩ እንቁላል አለ በይ። ኩርባው መጣ… ገና ነው… ገና ነው… አሁን! ቀስ ብለሽ፣ እንዳትሰብሪው። አየሽ?»

ሲፈን አቧራው ላይ በቀኝ እግሯ ትረግጣለች። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። በኋላ ግን እሱ መንገዱን ሲያወራ እሷ ሳታውቀው እግሯ ይከተል ጀመር። ከሁሉ ይበልጥ ስለ ባሕሩ ትጠይቀዋለች። ከሞጆ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ናት።

«ሳልፍ እኔም አየዋለሁ» ትላለች። «በመስታወት ይሁን እንጂ አየዋለሁ።»

በሦስተኛው ፈተና ተፈታኞች የሚገቡት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ይድነቃቸው ሽመክትንና ሲፈንን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሰሪያውን አሰረላቸውና በሩን ዘጋ።

መንገዱ ተለቀቀ። መተሐራ መጣ፤ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ሐይቁ። አዋሽ መጣ። ሽመክት ዝም ብሎ አየ። እግሩ ምንጣፉ ላይ እንደተኛ ነው። ዳገቱ መጣና አለፈ። ከገዋኔ ወዲያ አንድ ኩርባ ላይ የግመል መንጋ እያቋረጠ ነበር፤ መንጋው ሲያልፍ አንዲት ግልገል ኋላ ቀርታ መንገዱ መሃል ቆመች። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ወደ ሌላ ሰው ነው የሚመጣው፣ አለ ሽመክት በልቡ። ግልገሏ እየቀረበች፣ እየተለቀች መጣች። ጆሮዋ ላይ ያለው ጸጉር ይታየው ነበር። እግሩ አልተነሳም።

ከጎኑ ቀጭን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ተሰማ።

ሲፈን ረግጣለች። በሁለት እጇ የሌለ መሪ ጨብጣ፣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ምንጣፉን ረግጣዋለች።

ይድነቃቸው ከልቡ አዘነ። «በዚህ ዓመት ካየናቸው ሁሉ አንደኛዋ ነበረች። ምን እንደነካት አልገባኝም» አለ ሽመክትን እየፈታው። «እርስዎ ግን እንኳን ደስ አለዎት። እንዲህ ዓይነት ለውጥ አይተን አናውቅም።»

ሽመክት ሲወጣ ሲፈን ግራሯ ሥር ተቀምጣ ጫማዋን ታጠልቃለች። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ።»

 ቀኝ እግሯን እንደ አዲስ ነገር ታየው ነበር።

«እኔ አላዘዝኩትም» አለች። «ራሱ ነው የሄደው። ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሰማዎት?»

«ሁልጊዜ።»

«እውነት ቢሆን ኖሮ ግልገሏ ትተርፍ ነበር?»

«ትተርፍ ነበር። በጊዜው ነው የረገጥሽው።»

ያኔ አለቀሰች። እያለቀሰች ደግሞ ሳቀች። ሽመክት መሐረቡን ሰጣት።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ሻይ ሲጠጣ ክንዱ ብርጭቆውን ገፋው። ብርጭቆው ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንከባለለ። ሽመክት ቁጭ ብሎ አየው። ወድቆ ተሰበረ። ድሮ ቢሆን መሬት ሳይነካ ይቀልበው ነበር። ስባሪውን ጠርጎ ጣለ።

የመጀመሪያው ጉዞ በሳምንቱ ሆነ። ወንበሩ ምቹ ነው፤ ምግብ በሳጥን፣ ውሃ በቱቦ ይመጣል። ከጋቢናው መውረድ ክልክል ነው። መኪናው ያለ ድምፅ ከሞጆ ወጥቶ አዳማን በጎን አለፈ። ከአዋሽ በኋላ አጥሩ ጀመረ።

መንገዱ እዚያው ነበር። አያሉም እዚያው ነበር። ሌላው ግን የለም። የገዋኔ ምግብ ቤቶች ጣሪያቸው ወድቋል። አንድ ግድግዳ ላይ «ጎማ ይጠገናል» የሚለው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ይነበባል፤ ከፊቱ ሰውም ጎማም የለም። ከፊት የሚመጡት መኪኖች እንደ ድሮው ብዙ ናቸው፤ በየጋቢናው አንድ አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሽመክት በልማድ ለመጀመሪያው እጁን አነሳለት። ሰውየው አላየውም፤ ወይም አይቶ ለሌላ ሰው ነው ብሏል።

«እባክዎ እጅዎን ያሳርፉ» አለ ጋቢናው በለስላሳ የሴት ድምፅ።

አሳረፈ።

ጅቡቲ ሲደርሱ ባሕሩ በተደረደሩት የዕቃ ሳጥኖች መሃል በቀጭኑ ታየው። ሲፈን ጋ ደወለ።

«አዩት?»

«የነጠላ ጥለት ያህል።»

«ቀለሙስ?»

«ዛሬ አረንጓዴ ይላል። አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«መቂ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ ይስቅ ነበር። «አንድ ገበሬ አሮጌ አይሱዙ አለው፤ መሪ ያለው! ሽንኩርት ከማሳ ማሳ የሚያመላልስበት። ለምኜ ለምኜ እያስነዳኝ ነው። ትናንት ቦይ ውስጥ ከተትኩት።»

ሽመክት እስኪያስለው ሳቀ። ጋቢናው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀው።

መልስ ጉዞ ላይ፣ ሚሌ ሊደርሱ ሲሉ፣ መኪናው ቆመ። ሌሊቱን የወረደ ጎርፍ መንገዱን በአሸዋ ዘግቶት፣ አጥሩንም ከአንድ ወገን ገንድሶት ነበር። ጠራጊ ማሽን እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው። በወደቀው አጥር በኩል ፍየሎች መግባት ጀመሩ፤ ከኋላቸው አንድ አፋር ሽማግሌ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። መኪናውን ዞረው። ወደ ጋቢናው አንጋጥጦ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ በዱላው በሩን መታ መታ አደረገ።

«ሰው ነህ?» አለ።

ሽመክት በሩን ከፈተ። ጋቢናው እባክዎ ይቀመጡ አለው። ማሰሪያውን ፈታ፤ ደረጃውን ወረደ። እግሩ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ።

«ሰው ነኝ» አለ።

ሽማግሌው እጁን ይዞ ሳመው፤ ሽመክትም በዚያ አገር ወግ መልሶ ሳመው። «ሑመድ እባላለሁ» አለ ሽማግሌው። «ስንት ዓመት ነው እዚህ መኪና ሲያልፍ የማየው። አሻንጉሊት ነው የሚያስቀምጡበት ብዬ ነበር። በል ተቀመጥ። ዳጉ ስጠኝ።»

ሽመክት ዳጉን ያውቃል። በዚያ አገር ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ሳያጓድል ይለዋወጣል፤ ሳይነግሩ ማለፍ ነውር ነው። በድሮ ዘመን ከወደብ የሚመጣ ሹፌር ዳጉ ሳይጠየቅ ውሃ አይቀምስም ነበር። እንዲህ ተብሎ ከተጠየቀ ግን ዘመን የለውም። አሸዋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው ከአዳራሹ ጀመረ፤ ጫማ እንደሚያወልቁ፣ መሪ የሌለው ጋቢና ውስጥ እንደሚታሰሩ። ሑመድ በየመሃሉ «እህ» እያለ ሰማው።

ይህን ሲያወሩ ጠራጊው ማሽን መጥቶ አሸዋውን ገፍቶ ሄደ። መኪናው ለስላሳ ድምፅ አሰማ። ሽመክት ዞር ሲል በሩ ራሱ ተዘግቷል፤ ጎማዎቹም መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ብድግ ብሎ ሮጠ። ትንሽ እንደሮጠ ቆመ። ተሳቢው ጅራቱን እያሳየ በሚሌ አቅጣጫ ራቀ።

«እሱ ይሂድ» አለ ሑመድ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «እሱ ዳጉ የለውም። አንተ ና።»

ቀኑን ሑመድ ቤት ዋለ። ወተት ሰጡት፤ ጥላ ሰጡት። ዘመዶች ወደ ሰመራ ለሚሄድ ሰው ሊያገናኙት ተነጋገሩ፤ ከዚያ በባቡር ወደ አዳማ ይመለሳል። መንደሩ ተሰብስቦ ወሬውን ይሰማ ነበር፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር። ብርቱካን የምትወረውረዋ ልጅ ጋ ሲደርስ ሴቶቹ ደጋግሞ እንዲነግራቸው አደረጉት። እየነገራቸው ሳለ አንዲት ፍየል የወተቱን ዕቃ በቀንዷ ገፋችው፤ ሽመክት ወሬውን ሳያቋርጥ እጁን ዘርግቶ ያዘው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሶላት አልቆ ሲመለሱ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ሽመክት መልእክቱን አነበበው።

«ምን አለህ?» አለ ሑመድ።

«ከኩባንያው ነው። ‹ከሚሌ እስከ ሞጆ ያለ አንዳች እንቅስቃሴ ተጉዘዋል። እንዲህ ያለ እርጋታ ተመዝግቦ አያውቅም። እናመሰግናለን› ይላል።» ሽመክት አሁንም ስልኩን ያያል። «አሁን ሞጆ ገብተሃል ነው የሚሉኝ።»

ሑመድ ከእግር እስከ ራሱ መረመረው።

«ታዲያ እዚህ ወተቴን የሚጠጣው ማን ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሽመክትም እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ የሚያስጠነቅቀው አልነበረም። ሳቁ ሲበርድለት አፉን ጠርጎ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ። በወሬው ገና ጅቡቲ አልደረሰም ነበር።